ከስቱኮ በታች

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጨው ያዘለ የባሕር አየር አይነካትም፤ እንደ አውሮፓ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው የሚበትንም የለም። ታዲያ ቦረናና ለጋምቦ የሚመላለሱት አሮጌ አይሱዙዎችና ላንድክሩዘሮች ምን ያዝጋቸዋል?

ጭቃው ነው። ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ካለፈ በዓይን የማይታይ ስስ ውኃ ብረቱን ይለብሰዋል፤ ለዝገት ያ ይበቃዋል። በክረምት ፓራፋንጎ ውስጥና ሻንሲ ጥግ የሚሰገሰገው መረሬ ደግሞ መስከረም ከጠባ በኋላም ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነው። ዝገት ከበላው ብረት ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል። የአሉሚኒየም ዝገት ጥቅጥቅ ብሎ የታችኛውን ይከልላል፤ የብረት ግን ቀዳዳ የበዛበት ነውና ውኃ ያሳልፋል፤ ስለዚህ መብላቱን አያቆምም።

እብጠቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ስቱኮ የሚለስን ባትላሜራ ሞልቷል። ይህ መደበቅ ነው። ስቱኮ ራሱ እርጥበት ይመጥጣል፤ ቢዘገይ በሁለተኛው ክረምት እብጠቱ እዚያው ይመለሳል። ደንበኛው ሥራ የሽቦ ብሩሽና ግራይንደር ይዞ ነጩ ብረት እስኪታይ መሄድ፣ የተበሳውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ መበየድ፣ የሌሊቱ ጤዛ ሳይደርስም በዚያው ቀን አንቲረስት መቀባት ነው።

ብሩሽ ለማይደርስበት ጥግ ታኒን አለ፤ ቆዳ በሚያለፋው የግራር ልጥ ውስጥ ያለው ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። ዝገቱን ውኃ ወደማያሟሟው ጥቁር ውህድ ይለውጠዋል። ብሎንና ዳዶ የመሰሉ ትንንሽ ዕቃዎች የሎሚ አሲድ ውስጥ ቢዘፈዘፉ ይጠራሉ፤ ከተረሱ ግን አሲዱ ጤነኛውንም ብረት መብላት ይጀምራል። ባሌስትራ በፍጹም አሲድ ውስጥ አይገባም። አሲድና ብረት ሲገናኙ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ጠንካራውን ብረት ሰርጎ ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ጭነት ይዞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርድ መኪና ይህ ቀልድ አይደለም።

የተቃጠለ ዘይት ከሥር መርጨትም የተለመደ ነው። በንጹሕና በደረቀ ብረት ላይ ለጊዜው ይረዳል፤ ጎማና መሬት ማበላሸቱ ሳይነሣ። በጭቃው ላይ ከተረጨ ግን እርጥበቱን አፍኖ ያስቀምጠዋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ አሮጌዎቹ ገና ብዙ ክረምት ያያሉ። ከሁሉ የረከሰው ሥራ መከላከሉ ነው፦ ከሰኔ በፊት በየስፖርቴሎው ግርጌ ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ መክፈት፣ ክረምቱ ሲወጣም ሻንሲውን ከታች ወደ ላይ በውኃ ማጠብ።