ለኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት የሚገጠም የፍጥነት መጠበቂያ ማብሪያ

በ2016 ዓ. ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች መለዋወጫ ንግድ የብዙ አስመጪዎችን ዐይን ስቧል። ከዚህም ንግድ ውስጥ በዋጋው አነስተኛ፥ በሚያስከትለው ኀላፊነት ግን ከባድ የሆነ አንድ ዕቃ አለ፤ ይኸውም ለኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የሚገጠመው የ«ክሩዝ ኮንትሮል» ማብሪያ ነው። ዕቃው ሲታይ ከመሪው ላይ የሚታሰር ትንሽ ቁልፍና ሁለት ሽቦ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሻጩም ገዢውም እንደ ጌጥ ሊቈጥሩት ይችላሉ። ነገር ግን ሳይጠየቅ የተሸጠና ሳይመረመር የተገጠመ እንደ ሆነ፥ የሰው ሕይወትና የነጋዴው ስም በአንድነት አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

ክሩዝ ኮንትሮል ነጂው የመረጠውን ፍጥነት ጠብቆ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። ለአውቶሞቢል የሠራው ራልፍ ቲተር የተባለ በልጅነቱ ዐይኑ የታወረ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ዓ. ም. የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል፤ የክራይስለር ኩባንያም በ1958 ዓ. ም. ሞዴሎቹ ላይ ለገበያ አቅርቦታል። በዚያን ጊዜ መሣሪያው የሚሠራው የነዳጅ መስጫውን በመሳብ ነበር።

በኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ላይ ግን ነዳጅም፥ ነዳጅ መስጫም የለም። በቀኝ እጅ የሚጠመዘዘው እጀታ፥ ኮንትሮለር ወደሚባለው የሞተሩ መቈጣጠሪያ ሳጥን የቮልት ምልክት ይልካል። በብዙዎቹ ዘንድ ወደ እጀታው የሚገባው 5 ቮልት ሲሆን፥ ተመላሹ ምልክት እጀታው ሳይነካ ወደ 1 ቮልት፥ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ደግሞ ወደ 4 ቮልት ይደርሳል። ስለዚህ ማብሪያው ራሱ ፍጥነትን አይጠብቅም፤ «አሁን ያለውን ያዝ» የሚለውን ትእዛዝ ለኮንትሮለሩ ያደርሳል እንጂ። ዋናው ጥያቄም ማብሪያው መልካም ነውን ከማለት በፊት፥ ኮንትሮለሩ ትእዛዙን ያውቃልን የሚል ነው።

በዚህ ረገድ ሞተር ብስክሌቶች በሦስት ይከፈላሉ።

1ኛ፤ ኮንትሮለራቸው ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ሽቦ ኖሮት፥ ጫፉ ሳይያያዝ የተተወ፤ ለእነዚህ ማብሪያው ብቻ ይበቃል።

2ኛ፤ ችሎታው እያላቸው በፋብሪካ የተዘጋባቸው፤ ይህ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ካልተከፈተ ማብሪያው ቢገጠምም አይሠራም።

3ኛ፤ ችሎታው ፈጽሞ የሌላቸው፤ ለእነዚህ በእጀታውና በኮንትሮለሩ መካከል የሚገባ ሌላ ሳጥን ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚይዘው የእጀታውን ምልክት እንጂ ፍጥነቱን ስላይደለ፥ ሞተር ብስክሌቱ በዐቀበት ሊዘገይ፥ በቍልቍለት ሊፈጥን ይችላል። ይህንንም ለደንበኛው አስቀድሞ መንገር የሻጩ ግዴታ ነው።

እጀታውን አጥብቆ በመያዝ ብቻ እንዳይመለስ የሚያደርገው የፕላስቲክ ወይም የብረት መያዣ ከክሩዝ ኮንትሮል ጋራ ሊቈጠር አይገባውም። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ቢቋረጥ እንኳ እጀታው እንደ ተጠመዘዘ ስለሚቆይ፥ ፍሬኑ በተለቀቀ ጊዜ ሞተሩ እንደ ገና ሊገፋ ይችላል።

አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ የኮንትሮለሩን ዐይነት ካወቀ በኋላ ስለ ማብሪያው አሠራር መጠየቅ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ሲጫኑት ብቻ አገናኝቶ ሲለቁት የሚመለሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ተጭነውት እንደ በራ የሚቀረው ግን ፍሬን ከተለቀቀ በኋላም ትእዛዙን ሊደግም ስለሚችል አደገኛ ነው። መደበኛው የመሪ ውፍረት 22 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ማሰሪያው በዚያው ልክ መሆን ይገባዋል። ለክረምቱ ዝናብም አይፒ 67 የሚል ምልክት ያለው ይመረጣል፤ ይህ ምልክት አቧራ እንደማያስገባና 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንደሚቋቋም ያመለክታል።

በመግጠም ጊዜ ትልቁ ስሕተት ሽቦን በቀለሙ ማመን ነው፤ ቀለሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያልና። በአንዱ ሞተር ብስክሌት ላይ የባትሪው 48፥ 60 ወይም 72 ቮልት፥ የመብራቱ 12 ቮልትና የምልክቱ 5 ቮልት ጎን ለጎን ይገኛሉ። የባትሪው ኀይል በስሕተት ወደ ምልክቱ ሽቦ ከገባ፥ በትንሿ ቁልፍ ምክንያት ውዱ ኮንትሮለር ይቃጠላል። ስለዚህ ሠራተኛው የፋብሪካውን የሽቦ ንድፍ ተመልክቶ እያንዳንዱን ሽቦ በቮልት መለኪያ ከለየ በኋላ፥ ባትሪውን አላቅቆ ሥራውን ይጀምራል። ሽቦውም መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲዞር እንዳይወጠር ትርፍ ሊተውለት ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው የፍሬኑ ጕዳይ ነው። የፊቱም ሆነ የኋላው ፍሬን ጥቂት በተያዘ ቍጥር ክሩዝ ኮንትሮሉ ወዲያው መቋረጥ አለበት። ይህም የሚመረመረው ሞተር ብስክሌቱ ቆሞ፥ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ነው። በመጀመሪያ ቁልፉ ተጭኖ ጎማው በራሱ ሲዞር ይታያል፤ ቀጥሎም ሁለቱ ፍሬኖች በየተራ ይሞከራሉ። ፍሬኑ ሲለቀቅ ጎማው ተመልሶ መዞር የለበትም፤ ሞተር ብስክሌቱ ጠፍቶ ሲነሣም የቀድሞው ትእዛዝ መቅረት የለበትም። ከእነዚህ አንዱ ከጐደለ ዕቃው ይፈታል እንጂ «ነጂው ይጠንቀቅ» ተብሎ አይሰጥም።

የዕቃው ጥቅም ረጅምና ነጻ በሆነ መንገድ ላይ የእጅን ድካም ማቅለል ነው፤ ሰውና ተሽከርካሪ በሚጋፋበት ከተማ ውስጥ ግን የሚረዳው ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ከመሸጡ በፊት ደንበኛው የት እንደሚነዳ፥ የሞተር ብስክሌቱ ሞዴልና ኮንትሮለሩ ምን እንደ ሆነ፥ የፋብሪካውም ዋስትና በዚህ ሥራ ይሰረዝ እንደ ሆነ ይጠይቅ። የማይስማማውን ዕቃ «ለእርስዎ አይሆንም» ብሎ የሚመልስ ነጋዴ የአንድ ቀን ትርፍ ቢቀርበትም፥ ደንበኛውን አያጣም። የቸኮለ ግን አፍሶ ይለቅማል።