ቺፑን ቀርጦ ማሽኑን ማሳለፍ

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቦርድ ላይ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ካሬ አለች። ውኃው መቼ እንደሚገባ፣ ከበሮው በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር የምትወስነው ይህች ማይክሮኮንትሮለር ናት፤ ዋጋዋም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዶላር ብዙ አይርቅም። አሜሪካ በ2018 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቻይና በሚገቡ ቺፖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ወደ 50 በመቶ አሳደገችው። አንዱ ምክንያቷ ቻይና እንዲህ ያሉ ተራ ቺፖችን በመንግሥት ድጎማ እያመረተች ገበያውን ታጥለቀልቃለች የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ከበሽታው ይልቅ የራሷን አገጣጣሚ ይመታል።

ስሌቱን እንየው። አሜሪካ ውስጥ ማሽን የሚገጣጥም ፋብሪካ የአንድ ዶላር ቺፕ ከቻይና ቢያስመጣ 50 ሳንቲም ይከፍላል። ያው ቺፕ ታይላንድ ውስጥ ማሽን ላይ ተገጥሞ ሲገባ ማሽኑ የራሱን ቀረጥ ይከፍል ይሆናል እንጂ፣ ሆዱ ውስጥ ስላለው ቺፕ የሚጠይቀው የለም። አብዛኛው የቻይና ቺፕ አሜሪካ የሚደርሰውም በዚህ መንገድ፣ ዕቃ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። የያኔዋ የንግድ ሚኒስትር ጂና ራይሞንዶ በዲሴምበር 2024 እንደተናገሩት፣ ቺፕ ካላቸው የአሜሪካ ምርቶች ሁለት ሦስተኛው የቻይና ተራ ቺፕ አለበት፤ ከኩባንያዎቹ ግማሹ ደግሞ ቺፓቸው ከየት እንደመጣ አያውቁም። ባለቤቱ የማያውቀውን ዕቃ ጉምሩክ በምን ያውቀዋል? የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ በዚህ በኩል የተሻለ አመክንዮ አለው፦ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚገባ ዜሮ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ያለቀለት 15 በመቶ። ዕቃው ወደ ማለቁ በቀረበ ቁጥር ቀረጡ ይጨምራል።

ሌላው ጣጣ የትውልድ አገር ነው። አንዳንድ ቺፖች ገላ ላይ የቻይና፣ የፊሊፒንስ ወይም የማሌዥያ ምሕጻር ታትሞ ይገኛል፤ ይህ ግን የታሸጉበትን ቦታ እንጂ ሲሊኮኑ የተሠራበትን አይነግርም። አውሮፓ ከ1989 ጀምሮ የምትከተለው ሲሊኮኑ የተሠራበትን ነው። የቻይና የሴሚኮንዳክተር ማኅበርም የአሜሪካ ዕቃ ላይ የአጸፋ ቀረጥ በናረበት በኤፕሪል 2025 ይህንኑ መለኪያ አስታወቀ። ውጤቱ ይገርማል፤ ቴክሳስ ተሠርቶ ማሌዥያ የታሸገ ቺፕ ቤጂንግ ላይ አሜሪካዊ ሲሆን፣ አሜሪካዊ ኩባንያ ታይዋን ያሠራው ግን ከአጸፋው ያመልጣል። በ1996 ሲንጋፖር ላይ የተፈረመው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስምምነት የቺፕን ቀረጥ ዜሮ ሲያደርግ እንዲህ ያለውን ጭቅጭቅም አላስፈላጊ አድርጎት ነበር።

ጥገኝነቱስ አያሰጋም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ያሰጋል እንጂ! በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ የኔዘርላንድስ መንግሥት በቻይናው ኩባንያ ዊንግቴክ የተያዘውን ቺፕ አምራች ኔክስፔሪያን በቁጥጥሩ ሥር ሲያውል፣ ቤጂንግ ቻይና ውስጥ ዶንግጓን የሚታሸገው ምርቱ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች። ማይክሮኮንትሮለር እንኳ አልነበሩም፤ በሳንቲም የሚሸጡ ዳዮድና ትራንዚስተሮች ናቸው። ሆንዳ ግን ሜክሲኮ የሚገኘውን ፋብሪካውን እስከማቆም ደረሰ። መኪና አምራቾቹን ያስጨነቃቸው የዕቃው መጥፋት እንጂ ዋጋው አይደለም፤ ለመጥፋት ደግሞ ቀረጥ መልስ የለውም። መጠባበቂያ ክምችት፣ ሁለተኛ አቅራቢ፣ የቺፕን ምንጭ የማሳወቅ ግዴታ መልስ አላቸው።

ቀረጥ ገዢውን ወደ አገር ውስጥ አምራች ይገፋል የሚሉም አሉ። ማይክሮኮንትሮለር ግን እንደ ብሎን ተፈትቶ በሌላ አይተካም። ሶፍትዌሩ የተጻፈው ለእሱ ነው፤ ሲቀየር ቦርዱ እንደገና ይነደፋል፣ ፍተሻው ይደገማል፤ ለመኪና ከሆነማ የማረጋገጫው ሂደት ወራት ይበላል። ለ50 ሳንቲም ብሎ ይህን የሚጀምር መሐንዲስ ካለ የሂሳብ ሹሙ ያስቆመዋል።

ዋሽንግተንም ይህ የጠፋት አይመስልም። በቻይና ተራ ቺፖች ላይ የከፈተችውን ሌላ ምርመራ በዲሴምበር 2025 ስታጠናቅቅ ጥፋቱን በቤጂንግ ላይ አጸናች፤ ከቤጂንግ ጋር የተደረሰው የንግድ ዕርቅም ሳይጫናት አልቀረም፣ የተጨማሪ ቀረጡን መጠን እስከ ጁን 2027 ድረስ ዜሮ በመቶ አደረገችው።