ውሃውን ሽቅብ የገፋው ማን ነው?

ሙከራውን ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት እናስታውሰዋለን። ሳህን ላይ ውሃ ይፈስሳል፣ መሃሉ ላይ አጭር ሻማ ቆሞ ይለኮሳል፣ ከዚያ ብርጭቆ ይደፋበታል። ነበልባሉ ጥቂት ተፍጨርጭሮ ይጠፋል፤ ውሃው ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይወጣል። «ኦክስጅኑ ተቃጥሎ አለቀ፤ የለቀቀውን ቦታ ውሃ ያዘው፤ ስለዚህ ኦክስጅን የአየር አንድ አምስተኛ ነው» ይባልና ትምህርቱ በዚያው ያበቃል።

ኦክስጅን የአየር አንድ አምስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ 21 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ሙከራ ግን ያንን አያሳይም። ማብራሪያው ስህተት መሆኑን የሚያጋልጠው ደግሞ ራሱ ሙከራው ነው፣ ልጆቹ ደህና አድርገው የሚያዩበት ጊዜ ካገኙ።

አንድ ነገር ብቻ እንዲከታተሉ ይንገሯቸው፦ ውሃው የሚወጣው መቼ ነው? ምክንያቱ የኦክስጅን ማለቅ ቢሆን ኖሮ ሻማው እየነደደ ሳለ ውሃው ቀስ በቀስ ከፍ ባለ ነበር። የሚሆነው ሌላ ነው። ሻማው ሲነድ ውሃው እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ነበልባሉ ሊጠፋ ሲልና ከጠፋ በኋላ ነው ፈጠን ብሎ የሚወጣው። አስተዋይ ልጅ ደግሞ ብርጭቆው ሲደፋ ከአፉ ሥር አረፋ ቡልቅ ሲል ሊያይ ይችላል።

በነበልባሉ ዙሪያ ያለው አየር ይግላል፣ ይስፋፋል፣ ከፊሉም ያመልጣል። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ያኔ የውጪው አየር የሳህኑን ውሃ ተጭኖ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ኦክስጅኑም ቢሆን አላለቀም፤ ሻማው የሚጠፋው መጠኑ ወደ 16 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ነው። የተቃጠለውም ያለ ምትክ አልሄደም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ሆኗል። ብርጭቆውን ከውስጥ የሚያደበዝዘው ያ ተን ነው።

ይህን ሁሉ ግን ለልጅ አስቀድሞ መንገር አያስፈልግም። ሁለተኛ ዙር ያዘጋጁለት፦ ያው ብርጭቆ፣ ያው የውሃ መጠን፣ ሻማው ግን ሦስት። ከመለኮሱ በፊት «ውሃው አሁን የት ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁትና ግምቱን በወረቀት ያስጽፉት። ብርጭቆው አንድ ከሆነ አየሩም ኦክስጅኑም ያው ነው፤ የድሮው ማብራሪያ ልክ ከሆነ ውሃው ከበፊቱ ከፍታ ማለፍ የለበትም። ሦስት ሻማ ግን አየሩን የበለጠ ስለሚያግል ውሃው በግልጽ ከፍ ይላል። ግምቱን የጻፈ ልጅ እዚህ ላይ ዝም አይልም፤ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ግምት ሳያስጽፉ የሚደረግ ሙከራ፣ ኢንተርኔት ላይ እንደሚታየው የቤኪንግ ሶዳ እሳተ ገሞራ፣ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ትርኢት ነው።

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ፣ የአንጥረኛ ልጅ፣ መጽሐፍ ጠራዥ ሆኖ የጀመረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1860 የገና ሰሞን ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለልጆችና ለወጣቶች በሰጣቸው ተከታታይ ትምህርቶች ኬሚስትሪን ያስረዳው ከአንድ ሻማ ተነስቶ ነው። ውድ ላቦራቶሪ የለንም ለሚል ትምህርት ቤት ጥሩ መልስ ነው።

ውሃውን የገፋው ያ የአየር ግፊት ምድጃ ላይም ይገኛል። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል፤ እሱ ግን የባሕር ወለል ልክ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ልጆቹ ይህን ለፈላ ውሃ በሚሆን ቴርሞሜትር ይለኩት፤ ቆላ የሚኖር ዘመድ ካለም ደውለው ልኬታቸውን ያወዳድሩ። የትኩሳት መለኪያውን ግን እንዳይነኩት፤ 42 ዲግሪ አካባቢ ስለሚያበቃ የፈላ ውሃ ያበላሸዋል። ክብሪቱንና ምድጃውን አዋቂ ይያዝ፣ ነጠላና ረጅም ፀጉር ይሰብሰብ፣ ብርጭቆው ሙቀት የሚችል ይሁን።

የኦክስጅኑን አንድ አምስተኛ በእውነት ማየት ለሚፈልግ እሳት የሌለበት መንገድ አለ። ድስት የሚፈገፈግበትን ቀጭን የብረት ሽቦ (የማይዝገው ዓይነት አይሆንም) በአቼቶ ነክረው ያራግፉት፣ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ታች ድረስ ወትፈው ብርጭቆውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ይድፉት። ብረቱ ሲዝግ ኦክስጅኑን ይወስዳል፣ በምትኩም ጋዝ አይለቅም፤ ውሃው ቀስ እያለ ወደ አንድ አምስተኛው ይጠጋል። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ፣ መምህራን ዓርብ ከሰዓት አዘጋጁትና መነሻውን በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉበት፤ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይለኩት።