ያውቁ ኖሯል? ወፏ ድንበር ስትሻገር ገንዘቡም ይከተላታል?

ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካ ዳክዬ ማደን የሚፈልግ ሰው ጠመንጃና የክፍለ ግዛቱን ፈቃድ ብቻ ይዞ አይወጣም። ዕድሜው 16 ከሞላ የፌዴራል መንግሥት የሚሸጠውን የዳክዬ ቴምብር መግዛት ግዴታው ነው። ሕጉን ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የፈረሙት በ1934፣ አገሪቱ በድርቅና በኢኮኖሚ ውድቀት በተመታችበት ዘመን ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ዋጋው 1 ዶላር ነበር፤ ዛሬ 25 ዶላር ደርሷል። ከእያንዳንዱ ዶላር 98ቱ ሳንቲም በቀጥታ ለወፎች መኖሪያ የሚሆን መሬት መግዣና መከራያ ይውላል። እስካሁን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ 6 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ረግረግና ሣራማ መሬት ከእርሻና ከግንባታ ተርፏል።

የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለው ጄይ ኖርውድ ዳርሊንግ የፑሊትዘር ተሸላሚ የጋዜጣ ካርቱኒስት ነበር። የሩዝቬልትን መንግሥት በሥዕሉ ሲተች የኖረ ሰው ነው። ሩዝቬልት ግን ጠርተው የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚመራውን መሥሪያ ቤት አስረከቡት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዚህ ቴምብር ገንዘብ የሚጠበቀው መሬት አሜሪካ ውስጥ ነው። የአሜሪካ አዳኝ የሚጠብቃት ዳክዬ ግን ብዙ ጊዜ የተፈለፈለችው በካናዳ ነው፤ የብርዱን ወራት ደግሞ ሜክሲኮ ልታሳልፈው ትችላለች። መንግሥታት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክራቸው የኖረው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው፦ ወፏ የእኔ ናት ካልኩ፣ ስትሻገር ማን ይክፈልላት?

ያውቁ ኖሯል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከተሞከረባቸው ቀደምት ስምምነቶች አንዱ በ1916 ተፈርሟል። በአንድ ወገን አሜሪካ፣ በሌላው ወገን ካናዳን ወክላ ብሪታኒያ ነበሩ። ይህን ስምምነት የተቃወመችው የሚዙሪ ክፍለ ግዛት «በግዛቴ ያለ ወፍ የኔ ነው» ብላ የፌዴራሉን መንግሥት ከሰሰች። በ1920 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም። ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ የሰጡት ምክንያት ቀላል ነበር፦ ወፏ በክልሉ አልፋ ሂያጅ እንጂ ቋሚ ነዋሪ አይደለችም፤ ዛሬ ሚዙሪ ያለችው ነገ ሌላ ክፍለ ግዛት፣ በሳምንት ደግሞ ሺህ ማይል ርቃ ልትገኝ ትችላለች። የሕግ ተማሪዎች ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ ያጠኑታል።

ሕግ ያለ ገንዘብ ግን መከልከል እንጂ መገንባት አይችልም። አዳኙን ትቀጣለህ፣ የደረቀውን ረግረግ ግን ማን ይመልሰዋል? ገንዘቡ ድንበር ለመሻገር ሰባ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በ1986 አሜሪካና ካናዳ የውሃ ወፎችን በጋራ ለመታደግ ዕቅድ አወጡ፤ ሜክሲኮ በ1994 ተቀላቀለች። በ1989 የወጣው የሰሜን አሜሪካ ረግረጋማ ቦታዎች ጥበቃ ሕግ ደግሞ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ ለካናዳና ለሜክሲኮ ረግረግ እንዲውል በር ከፈተ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነበር፦ መንግሥት 1 ዶላር ሲያወጣ ሌላ ወገን ቢያንስ 1 ዶላር ይጨምራል።

ያውቁ ኖሯል? የዚህ ፈንድ አንዱ ምንጭ ቅጣት ነው። ፈላሲ ወፎችን በሕገ ወጥ መንገድ የገደለ ሰው ወይም ኩባንያ የሚከፍለው መቀጮ ወደ ረግረግ ጥበቃው ሣጥን ይገባል። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የቢፒ ጉድጓድ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱም ባሕሩን አጥለቀለቀው። ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ ከከፈለው የወንጀል ቅጣት 100 ሚሊዮን ዶላሩ ለዚሁ ፈንድ ተመደበ። ከዚያ ቀደም የኤክሶን ቫልዴዝ መርከብ በአላስካ ዘይት ስታፈስስም 12 ሚሊዮን ዶላር በተመሳሳይ መንገድ ገብቷል። ጥፋተኛው ያጠፋውን ነገር በገንዘቡ እንዲጠግን ማድረግ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዳክዬ ግን ዕድለኛ ናት፤ የሚያድናት ሰው ስላለ የሚከራከርላት ሰው አላት። 9 ግራም የምትመዝን፣ ማንም የማያድናት፣ የብርዱን ወራት በኮሎምቢያ ተራራ የምታሳልፍ ዘማሪ ወፍ ማን ይቆምላታል?

ለእርሷ የወጣው ሕግ የጸደቀው በ2000 ነው። ከአሜሪካና ከካናዳ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ካሪቢያንና ወደ ደቡብ አሜሪካ ለሚፈልሱ ወፎች ድጎማ ይሰጣል። ከድጎማው ቢያንስ 75 ከመቶው ከአሜሪካ ውጭ መዋል አለበት። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይገረማሉ፤ ኮንግረስ ገንዘቡን «ሦስት አራተኛውን ውጭ አውጡት» ብሎ በሕግ ያስገደደበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ብዙዎቹ ወፎች የዓመቱን ትልቅ ክፍል የሚያሳልፉት በደቡብ ነው። ሚቺጋን ያለውን ጎጆ ብቻ እየጠበቁ ባሃማስ ያለውን ቁጥቋጦ ማስጨፍጨፍ ትርፉ ድካም ነው።

ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ ለእያንዳንዱ የመንግሥት ዶላር ሌሎች 3 ዶላር እንዲያዋጡ ይጠይቅ ነበር። ለድሃ አገር ማኅበር ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ አጋሮች መዋጮአቸውን በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዓይነት እንዲያቀርቡ ተፈቀደ፦ መሬት፣ ጉልበት፣ ችግኝ፣ የባለሙያ ጊዜ። እንዲህ ሲሆን ችግኝ የሚተክለው ገበሬ የጉልበቱ ዋጋ ተሰልቶ እንደ መዋጮ ይቆጠርለታል። በ2024 የተሻሻለው ሕግ መዋጮውን ወደ 2 ለ1 ዝቅ አድርጎታል፤ በዓመት ሊመደብ የሚችለውንም ገንዘብ ደረጃ በደረጃ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አድርጎታል።

ሊመደብ የሚችለው ማለት የተመደበው ማለት አይደለም። ኮንግረስ በቅርብ ዓመታት በተግባር የሰጠው በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከ350 በላይ ለሚሆኑ የወፍ ዝርያዎች፣ ከካናዳ እስከ አርጀንቲና! ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ ለስለስ አድርጎ መናገርም አይገባም። ከ2002 ጀምሮ ከ40 በሚበልጡ አገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች በዚህ ገንዘብ መሠራታቸው ነው የሚደንቀው።

ያውቁ ኖሯል? በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ በካሊፎርኒያ የስዌንሰን ጭልፊት የሚባሉ ወፎች ላይ ትንሽ የሳተላይት ማሰራጫ አሰረ። ጭልፊቶቹ በየዓመቱ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ግን ቁጥራቸው እየሳሳ ነበር፤ የት እንደሚቀሩ አይታወቅም። ሳተላይቱ ወደ አርጀንቲና ላ ፓምፓ መራው። እዚያ ሲደርስ ያገኘው በዛፍ ሥር የተነጠፈ የጭልፊት ሬሳ ነው። ገበሬዎች ፌንጣ ለማጥፋት ሞኖክሮቶፎስ የተባለ መርዝ ይረጫሉ፤ ጭልፊቶቹ ደግሞ በዚያ ወቅት ዋና ምግባቸው ፌንጣ ነው። በ1995 እና 1996 መካከል ባለው አንድ ወቅት ብቻ 20,000 ገደማ ጭልፊቶች እንደሞቱ ተገምቷል።

ቀጥሎ የሆነው ለኔ ከሞቱ በላይ ሊነገር የሚገባው ነው። የአርጀንቲና፣ የአሜሪካና የካናዳ መንግሥታት ከወፍ ጥበቃ ማኅበራትና ከመርዙ አምራች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። መርዙ ከአካባቢው ተሰበሰበ፣ ገበሬዎች ሠለጠኑ፣ አርጀንቲና መርዙን ለፌንጣ መጠቀም ከለከለች። በቀጣዩ ዓመት እልቂቱ አልተደገመም። ማሰራጫው ባይኖር፣ ለጉዞው የሚከፈል የመንግሥት በጀት ባይኖር፣ በካሊፎርኒያ ያሉ ሰዎች ጭልፊቶቻቸው የት እንደቀሩ ሳያውቁ ዝርያው ሊመናመን ይችል ነበር።

የኪርትላንድ ዋርብለር በምትባል ወፍ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ፍየል አለበት። ይህች 14 ግራም የምትመዝን ቢጫ ደረት ወፍ በዋናነት የምትራባው በሚቺጋን፣ በወጣት የጥድ ደን ውስጥ ነው፤ የብርዱን ወራት የምታሳልፈው በባሃማስ ደሴቶች። በ1974 የተቆጠሩት የሚዘምሩ ወንዶች 167 ብቻ ነበሩ። በሚቺጋን ደኑ ታደሰ፣ በጎጆዋ እንቁላሉን የሚጥለው ሌላ ወፍ ተቀነሰ፤ ቁጥሯም ወጣ። ባሃማስ ላይ ምን እንደምትበላና የት እንደምትውል ግን የሚያውቅ አልነበረም። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ለጥናቱ ገንዘብ ሲሰጥ የባሃማስ ወጣቶች አብረው እንዲሠለጥኑ አደረገ። የተገኘው መልስ ያልተጠበቀ ነበር፦ ወፏ የምትወደው ፍሬ የሚያፈራ አጭር ቁጥቋጦ ነው፤ ፍየል የጋጠበት ቦታ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ፍየል ሁሌ የደን ጠላት ነው ለሚሉ ሁሉ ይህን ማስታወስ ይበጃል። ወፏ በ2019 ከአደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች ዝርዝር ወጥታለች።

ቡና ለሚወድ አንባቢ ደግሞ ይህን እንጨምር። ሴሩሊያን ዋርብለር የምትባለው ሰማያዊ ወፍ ከአሜሪካ አፓላቺያን ተራሮች ተነሥታ በአንዲስ ተራሮች ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ውስጥ ትከርማለች። ጥላ ዛፉ ሲቆረጥና ቡናው በፀሐይ ላይ ሲተከል ወፏ ማደሪያ ታጣለች። ስለዚህ በእነዚህ ተራሮች ለወፍ ጥበቃ የሚሰጥ ገንዘብ ጥሩ ሥራ የሚሠራው የቡና ገበሬው ዛፉን እንዳይቆርጥ ሲረዳው ነው። የእኛ የደቡብ ምዕራብ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚለቀም ስለሆነ የወፍ ሀብቱ ከፍተኛ መሆኑ በጥናት ታይቷል።

ገንዘብ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል ሰው አንድ የጥናት ውጤት ይበቃል። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ከ1970 ወዲህ አሜሪካና ካናዳ 2.9 ቢሊዮን ወፎችን እንዳጡ አሳየ፤ ከአራቱ አንዱን በላይ ማለት ነው። ከጠፉት ውስጥ 2.5 ቢሊዮኑ ፈላሲዎች ናቸው። የሣር ሜዳ ወፎች ከግማሽ በላይ ቀነሱ። በዚያው ጊዜ ውስጥ ዳክዬና የመሳሰሉት የውሃ ወፎች ግን በ56 ከመቶ ጨመሩ። ቴምብር የተሸጠላቸው፣ ቅጣት የገባላቸው፣ ድንበር የሚሻገር በጀት የተያዘላቸው እነርሱ ናቸው።

ወደ እኛ ሰማይ እንምጣ። ኢትዮጵያ የፈላሲ የዱር እንስሳት ስምምነትና የአፍሪካና ዩሬዥያ ፈላሲ የውሃ ወፎች ስምምነት አባል የሆነችው በ2010 ነው። የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር፣ ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃት አየር ለሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች በዓለም ሁለተኛው ዋና መንገድ ሲሆን፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ወፎች በዓመት ሁለት ጊዜ ያልፉበታል። የለጋሽ መንግሥታት መዋጮ የሚገባበት ዓለም አቀፉ የአካባቢ ፈንድ ኢትዮጵያን ጨምሮ በመስመሩ ላይ ያሉ 11 አገሮችን የሚያካትት ፕሮጀክት ደግፏል። የወፎቹ መንጋ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ሲደርስ የግብፅ የንፋስ ተርባይኖች የሚቆሙበት አሠራር ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

በሞሪታኒያ ባንክ ዳርጋን በሚባለው ዳርቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ የባሕር ዳር ወፎች ይከርማሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ከሞሪታኒያ ጋር ሲዋዋል፣ ለዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ከሚከፍለው ገንዘብ የተወሰነው ለዚያ ብሔራዊ ፓርክ እንዲውል አስገብቷል። ዓሣውን የሚወስድ ለወፉ ቤት ይክፈል ማለት ነው፤ ሌሎች ውሎችም ቢከተሉት ጥሩ ነበር።

በእስራኤል የሁላ ሸለቆ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ሲያርፉ የገበሬውን ኦቾሎኒ እንዳያወድሙ በቆሎ በትራክተር ይበተንላቸዋል። ወጪውን መንግሥት፣ ገበሬዎችና የተፈጥሮ ጥበቃ ተቋማት ይጋሩታል። ከክሬኖቹ ከፊሉ ጉዞውን ቀጥሎ ጣና ድረስ ይመጣል።

በጣም የሚነካን ግን የግብፅ ጥንብ አንሳ ነው። በባልካን አገሮች የሚራባው ክፍል በሦስት አሥርት ዓመታት 80 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ከሌላ ቦታ የሚመጡትን ጨምሮ ብዙ የዚህ ዝርያ ወፎች የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት በአፋር ነው፤ በአንድ ወቅት ከ1,000 በላይ ተቆጥረውበታል። በመንገዳቸው ላይ ፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ለአሥርት ዓመታት ብዙ ጥንብ አንሳዎችን ሲገድል ኖሮ በ2014 ኃይሉ ተቋረጠ። ከ2017 እስከ 2022 የአውሮፓ ኅብረት ላይፍ የተባለው ፈንድ በ14 አገሮች ለዚህች ወፍ ገንዘብ ሲያወጣ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ከአጋሮቹ አንዱ ሆኖ ሠርቷል። የኤሌክትሪክ መስመር በአገራችን እየተስፋፋ ነው። ምሰሶው ሲነደፍ ሽቦው ተሸፍኖ ወይም ወፍ ከሚያርፍበት ርቆ ቢሠራ፣ ከተተከለ በኋላ በውጭ እርዳታ ከመጠገን በብዙ ይረክሳል፤ ለዚህ ደግሞ የብራሰልስን በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።