የቢሮው ስልክ ዝም ሲል

የኢንተርኔት ስልክ፣ በባለሙያዎች አጠራር አይፒ ስልክ፣ ድምፅን ወደ አኃዝ ለውጦና በትናንሽ ጥቅሎች ከፋፍሎ እንደ ማንኛውም ፋይል በኮምፒውተር መረብ የሚልክ መሣሪያ ሲሆን፣ ከመደበኛው ስልክ የሚለየው በመልኩ ሳይሆን በጥገኝነቱ ነው። መደበኛው ስልክ የሚሠራበትን ኃይል የሚያገኘው ከቢሮው ሶኬት ሳይሆን ድምፁን በሚያመላልሰው የመዳብ ሽቦ በኩል ከቴሌ ማዕከል ባትሪ ስለሆነ፣ መብራት ቢጠፋም ይጠራል፤ አይፒ ስልክ ግን ከመረቡ ጋር ከሚያገናኙት ከስዊቹና ከራውተሩ ወይም ከመብራቱ አንዱ ሲጎድል ዝም ይላል። በመሆኑም በሰሜን ወሎ፣ በወልድያም ሆነ በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ ስልክ እምቢ ባለ ጊዜ፣ ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በስልኩ ውስጥ ሳይሆን ስልኩ በተያያዘበት ሰንሰለት ላይ ነው።

ቴክኖሎጂው ወደ ኢትዮጵያ የገባበት ሁኔታ ትንሽ ግራ ያጋባል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281 ድምፅንና ፋክስን በኢንተርኔት ማስተላለፍን ሲከለክል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳ ኔት የቪዲዮ ስብሰባውንም የስልክ ጥሪውንም የሚያስተላልፈው በዚያው ዘዴ ነበር። በሳተላይት በተገናኙት ወረዳዎች ድምፁ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ለጥሩ ንግግር የሚመከረው መዘግየት ግን ከ150 ሚሊሰከንድ የማይበልጥ በመሆኑ፣ ተነጋጋሪዎች አንዱ የሌላውን ቃል ቢያቋርጥ በጨዋነት ጉድለት የሚያስወቅስ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ለውድድር ሲከፍት የፈቃድና የቁጥጥር ሥልጣኑን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል።

የቢሮ የስልክ ሥርዓት እምብርት ፒቢኤክስ የሚባለው ጥሪ አከፋፋይ ነው። ይህ አከፋፋይ ቀድሞ ለብቻው የተሠራ ሣጥን የነበረ ሲሆን፣ ማርክ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው አስተሪስክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከመጣ ወዲህ ተራ ኮምፒውተርም ሥራውን ሊያከናውን ይችላል። በእያንዳንዱ ስልክ ላይ የአከፋፋዩ አድራሻ፣ የውስጥ ቁጥሩና የይለፍ ቃሉ ይሞላሉ፤ ስልኩም በእነዚህ ራሱን ለአከፋፋዩ ያስመዘግባል። እንደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢው ወልድያ፣ ሌላው ግቢው ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መርሳ ላይ ለሚገኝ ተቋም የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ግቢዎች በመረብ ከተያያዙ፣ መርሳ ያለው ጠረጴዛ ከጎን ክፍል እንዳለ ሁሉ በአጭር የውስጥ ቁጥር ይጠራል።

ብልሽትን ለማወቅ የሚረዳው ዋናው ቁም ነገር አንድ ጥሪ በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሚጓዝ መሆኑ ነው፤ ጥሪውን የሚያስጀምረውና የሚዘጋው መልእክት ሲፕ በሚባል ሥርዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ በፖርት 5060 ሲሄድ፣ ድምፁ ራሱ አርቲፒ በሚባለው በሌሎች ፖርቶች ያልፋል። ስለዚህ ስልኩ ጭራሽ ካልተመዘገበ ኬብሉን፣ አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን መመርመር ሲበቃ፣ ስልኩ ጠርቶ ከተነሣ በኋላ አንደኛው ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ የመልእክቱ መንገድ ደኅና ሆኖ የድምፁ መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው። የዚህ ምክንያት ብዙውን ጊዜ «ናት» የሚባለው የራውተር አሠራር ነው፤ ራውተሩ የቢሮውን የውስጥ አድራሻዎች በአንድ የውጭ አድራሻ ሲተካ፣ ስልኩ ለተጠሪው የሰጠው አድራሻ ከውጭ የማይደረስበት ይሆናል። ጥሪው ሁልጊዜ 32 ሰከንድ ገደማ ላይ የሚቋረጥ ከሆነም ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም፤ «ስልኩ ተነሥቷል» ለሚለው መልእክት ማረጋገጫው ሳይደርስ ሲቀር ሥርዓቱ ጠብቆ ጠብቆ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ሲፕ ኤኤልጂ የተባለው የራውተር ቅንብር እንዲረዳ የተሠራ ቢሆንም መልእክቱን እያበላሸ ተመሳሳይ ችግር ስለሚፈጥር፣ ብዙ ባለሙያዎች በቅድሚያ የሚያጠፉት እርሱን ነው። የተቆራረጠ ድምፅ ደግሞ የመስመር መጣበብ ምልክት ነው፤ ጂ.711 በተባለው የድምፅ አሠራር አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው 87 ኪሎቢት በሰከንድ ያህል ሲወስድ፣ ጂ.729 ግን ወደ 31 ያወርደዋል፤ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ በሚነጋገርበት ቢሮ ልዩነቱ የ870ና የ310 ነው።

አከፋፋዩ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በሰሜን ወሎ ከሌላው ቦታ የበለጠ ክብደት አለው። በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ምክንያት ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ ከመብራትና ከቴሌኮም አገልግሎት ተለይታ መክረሟ ይታወሳል። አከፋፋዩ በአዲስ አበባ ከሆነ የውጭው መስመር ሲቆረጥ የአንድ ሕንፃ ሁለት ክፍሎች እንኳ መደዋወል ያቅታቸዋል፤ በግቢው ውስጥ ከሆነ ግን የውስጥ ጥሪው ይቀጥላል፣ ኃይል እስካለው ድረስ። ለኃይሉም መላ አለው፤ ፒኦኢ የሚባለው ስዊች 48 ቮልት ገደማ የሆነ ኃይል በመረቡ ኬብል ለስልኮቹ ስለሚያድል፣ ስዊቹንና አከፋፋዩን ዩፒኤስ ከሚባለው መጠባበቂያ ባትሪ ጋር ማገናኘት ስልኮቹን ሁሉ ለጊዜው ያቆያቸዋል። 48 ቮልት የድሮው የቴሌ ማዕከል ባትሪም መጠን ነበር። ሆኖም ራውተሩና የፋይበሩ ሣጥን ከዩፒኤሱ ውጭ ከተረሱ፣ ስልኮቹ በርተው ይታያሉ እንጂ ወደ ውጭ የሚደወል ጥሪ አይወጣም።