ሸክላ ሠሪዋ ወደ አዲስ አዳራሽ ስትገባ

ጀበናና ምጣድ የሌለበት ኢትዮጵያዊ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ቡናው የሚፈላው በጀበና፣ እንጀራው የሚጋገረው በምጣድ ነው፤ ወጡም በብዙ ቤት ዛሬም የሚሠራው በሸክላ ድስት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ምጣድ እንኳ ሽቦው ከፋብሪካ ይምጣ እንጂ ሊጡ የሚፈስበት ገበታ ከአፈር የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ከገበያ ተገዝቶ ወደ ማጀት ሲገባ፣ የሠራችው ሴት የት ሆና እንደሠራችው የሚጠይቅ ሰው እምብዛም ነው። በዛሬው ዐምዳችን የምናነሣው ይህንኑ የሥራ ቦታ ጉዳይ ይሆናል።

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ቀጨኔ በሸክላ ሥራ የታወቀች ሠፈር ናት። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከሰሜን ሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ የእጅ ባለሙያዎች በዚህ ሥፍራ ሰፈሩ። ወንዶቹ ብዙውን ጊዜ በሽመናና በብረት ሥራ ሲሠማሩ፣ ሸክላው የሴቶቹ ሙያ ሆኖ ቆየ። ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ጭቃ እየለወሰች፣ በመጀመሪያ ትንንሽ ዕቃዎችን፣ ቀጥሎም ጀበናና ድስትን እየሠራች ሙያውን ትወርሳለች።

ሙያው ለሁሉም የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ባለሙያዋ የተከበረች አልነበረችም። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባሉ ሲሰደቡና ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነበር። ዐዋጁ ቢነገርም ስድቡ በአንድ ቀን አልጠፋም። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋ ከራሷ ሠፈር ሳትርቅ፣ በመኖሪያ ቤቷ ውስጥ ተወስና መሥራትን መረጠች። የቤት ውስጥ ሥራ የዚህ የቆየ መገለል ውጤት ጭምር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ለመሆኑ ሸክላ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዴት ይሠራል? አፈሩ ከተቆፈረበት በሸክም ወይም በአህያ መጥቶ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ይነፋል። ከዚያም ዕቃው በእሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር ተደባልቆ በውኃ ይለወሳል። ባለሙያዋ በእጇ ቅርጽ ካወጣችለት በኋላ በለስላሳ ድንጋይ እየፈተገች ታለሰልሰዋለች። ቀጥሎ ዕቃው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። በውስጡ የቀረ እርጥበት በእሳት ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ዕቃውን ስለሚሰነጥቀው፣ በችኰላ የተሠራ ሸክላ ትርፉ ገል ብቻ ነው። በመጨረሻም ዕቃዎቹ በአንድነት ተከምረው፣ በእንጨት፣ በቅጠልና በገለባ ተሸፍነው ይተኮሳሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሆነው ልጆች በሚተኙበት፣ ወጥ በሚወጠወጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ያልደረቀው ጀበና ከአልጋ ሥር ይቀመጣል። የአፈሩ ብናኝ ከሊጡ ላይ ያርፋል። በክረምት ጣራው ያፈሰሰ እንደሆነ የሳምንት ድካም ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ጢሱም የሠሪዋን ዓይንና ሳንባ ከመጉዳቱ በላይ ከጎረቤት ጋር ያጣላል።

በቀጨኔ ሴት ሸክላ ሠሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ በጋራ አዳራሽ እየሠሩ ከዚያው ለገዢ ማቅረብ የጀመሩት እነዚህን ችግሮች ለመቋቋም ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንዷ ብቻዋን የማትችለውን ብዙዎች ሆነው ይችሉታል። አፈርና ማገዶ በጅምላ ይገዛል፤ መተኮሻው የጋራ ይሆናል፤ ነጋዴውም ከእያንዳንዷ በር እየቆመ ዋጋ ሊያስቀንስ አይችልም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የተካው ዐዋጅ ቁጥር 985 እንዲህ ላለው ድርጅት ሕጋዊ መሠረት ሰጥተዋል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ብዙ ዕጣ ያላትም ሆነች አንድ ዕጣ ያላት አባል ያላት ድምፅ አንድ ብቻ ነው። በቤቷ የማትደመጥ ሴት በማኅበሯ ስብሰባ እጇን አንሥታ ስትናገር መታየቷ ከገንዘቡ የማያንስ ትርፍ ነው።

ይሁንና አዲስ አዳራሽ ሁሉ መልካም አዳራሽ ነው ማለት አይደለም። ከተማይቱ እየታደሰች፣ የቆዩ ሠፈሮች እየፈረሱ፣ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወሩ የሸክላ ሠሪዋ ጉዳይ በልዩ ሁኔታ ሊታይ ይገባዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ ብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። ውኃ ያለው ንጹሕ ቤት ማግኘት ለማንኛዋም እናት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በአራተኛ ፎቅ ላይ ጀበና አይተኮስም፤ የአፈር ጆንያም በደረጃ ተሸክሞ መውጣት አይቻልም። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ይዛ ትዛወራለች፤ ሸክላ ሠሪዋ ግን መሣሪያዋ እሳትና መሬት ነውና ቤት ስታገኝ ሙያዋን ልታጣ ትችላለች።

ስለሆነም ለሸክላ ሠሪዎች አዲስ የሥራ ቦታ ሲታሰብ አምስት ነገሮችን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከመኖሪያ ቤቶች ራቅ ያለ፣ ጢሱ ማንንም የማይጎዳበት መተኮሻ። ሁለተኛ፣ የአፈር ማከማቻና በቂ ውኃ። ሦስተኛ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ነፋስ ግን በልክ የሚገባበት የማድረቂያ ክፍል። አራተኛ፣ እናት ስትሠራ ሕፃኗ ከእሳትና ከብናኝ ርቆ የሚውልበት ቦታ። አምስተኛ፣ ገዢ በቀላሉ የሚደርስበት መንገድ። ሸክላ ሩቅ በተጓጓዘ ቁጥር የሚሰበረው ይበዛልና ይህ የመጨረሻው ነጥብ እንደ ትንሽ ነገር አይታይም። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ሴቶቹ ወደ ቀድሞ ቤታቸው ተመልሰው መሥራት ይጀምራሉ፤ አዳራሹም የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

የጋራ የሥራ ቦታን ዋጋ በመረዳት ረገድ ከሌላ አገር የሚገኝ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 አርቲስት ፕሩፍ ስቱዲዮ የተባለ የሕትመት ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። የሕትመት ሠዓሊ ሥዕሉን በእንጨት ወይም በብረት ላይ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በመጫኛ መሣሪያ ወደ ወረቀት ያሳርፈዋል። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ወጣቶቹ በጋራ ይገለገሉበት ነበር። በ2003 በደረሰ የእሳት አደጋ ከመሥራቾቹ አንዱ ሕይወቱን አጣ፤ መሣሪያውና ሥራዎቹም ወደሙ። የተረፉት ግን አልተበተኑም። በከተማዋ ኒውታውን በተባለው ሠፈር፣ ቀድሞ የአውቶቡስ ፋብሪካ ይባል በነበረ ሕንፃ ውስጥ ቦታ አግኝተው ትምህርቱንና ሥራውን ቀጠሉ። ከዚህ የምንረዳው ቤት ሲቃጠልም ሆነ ሲፈርስ ሙያውን የሚያሻግረው የሠሪዎቹ አብሮ መቆየት መሆኑን ነው። የቀጨኔ ሴቶችም ሲዛወሩ አንዷ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላዋ ወደ ምዕራብ ከተበታተኑ ማኅበራቸው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

እኛ ገዢዎችስ ምን ማድረግ እንችላለን? ዕቃውን ስንመርጥ በጣታችን መታ መታ አድርገን ድምፁን እናዳምጥ። ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደኅና የተተኮሰ ነው፤ የደነቆረ ድምፅ የሚሰጠው ግን ስንጥቅ ሳይኖረው አይቀርም። ጀበናውን ውኃ ሞልተን አለማፍሰሱን እንይ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር በሚገባ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበት፤ ሊጡ ይጣበቃልና። ዋጋ ስንከራከርም ከቁፋሮው እስከ እሳቱ ያለውን ድካም እናስብ። ልጆቻችን ሸክላ ሠሪን በቆየው የስድብ ስም ሲጠሩ ብንሰማ ዝም አንበል።

የሠፈርን አሠራር የሚያቅዱ ባለሙያዎች ደግሞ ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ሴቶቹን ሰብስበው ቢጠይቋቸው መልካም ነው። መተኮሻው በየት በኩል ቢሆን ጢሱ እንደማያስቸግር፣ አፈሩ የት ቢከመር እንደሚቀልል፣ ዕቃው ስንት ቀን በጥላ መቆየት እንዳለበት ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ይህን ምክራቸውን የያዘ አዳራሽ ከተሠራ፣ የዛሬዎቹ ልጃገረዶች የእናታቸውን ሙያ በመኝታ ክፍል ውስጥ ሳይሆን በብርሃን፣ ሳያፍሩ ይማሩበታል።