ሞዴል መርከብና ማሽን፦ ተረቱና እውነታው

ሌዘር መቁረጫው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ፍሬዛና ስሪዲ ፕሪንተሩ ከፋብሪካ ወጥተው በግለሰብ ቤት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ፣ ስለ ሞዴል መርከብ አሠራር አንድ እምነት ሥር ሰዷል። ንድፉን ለኮምፒውተሩ መስጠት ነው፣ የቀረውን ማሽኑ ይጨርሰዋል፣ የሚወጣውም በእጅ ከተሠራው ይበልጥ ትክክለኛ ነው ይባላል። የዚህ ተቃራኒ የሚመስል ሌላ እምነትም አለ፦ ማሽን የነካው ሞዴል ሐሰተኛ ነው፣ እውነተኛው በመሮና በሞረድ ብቻ የተሠራው ነው የሚል። ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ስሕተት ይስማማሉ። የሞዴሉን እውነተኛነት የሚፈልጉት ከመሣሪያው ነው። መሣሪያው የሚወስነው ግን ሥራው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅና እጅ የት ላይ እንደሚደክም ነው። ሞዴሉ መርከቡን መምሰሉና አለመምሰሉ የሚወሰነው ስለ መርከቡ በተሰበሰበው ማስረጃና ማስረጃውን በሚመዝነው ሰው ነው።

“ማሽኑ ይጨርሰዋል” የሚለውን እናስቀድም። የእንጨት መርከብ ከታች ከተዘረጋው ዋና ግንድ ወደ ላይ በሚነሡ የጎድን አጥንቶች የተዋቀረ ነው፤ የጎን ሳንቃዎቹ የሚለበጡት በእነዚህ ላይ ነው። ሌዘር እነዚህን አጥንቶች ከስስ ጣውላ ላይ በደቂቃዎች ይቆርጣቸዋል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ጨረሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ የቁራጩ ጠርዝም ቀጥ ያለ ነው። የመርከቡ ጎን ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየጠበበ ይታጠፋል። ስለዚህ በመካከል ካሉት ጥቂቶች በቀር የእያንዳንዱ አጥንት ጠርዝ እንደየቦታው ዘመም ብሎ መላግ አለበት። ያን የሚያደርገው ብርጭቆ ወረቀት የያዘ እጅ ነው። ሠሪው ቀጭን ዘንግ በአጥንቶቹ ላይ እያጋደመ፣ የት ላይ እንደሚነካ የት ላይ እንደሚራራቅ እያየ፣ ጥቂት በጥቂት ይፍቃል። በዚያ ላይ ሌዘር እንጨት የሚቆርጠው በማቃጠል ነው። የከሰለ ጠርዝ ኮላ በደንብ አይይዝለትም፤ ተፍቆ መነሣት አለበት፣ ሲፋቅ ደግሞ ማሽኑ የሰጠው ልክ አብሮ ይነሣል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ገመዱ ገና ነው። በሸራ መርከብ ዘመን በእንግሊዝ የገመድ መጠን የሚነገረው በዙሪያው ነበር። ዙሪያው 10 ኢንች የሆነ የምሰሶ መወጠሪያ ውፍረቱ 81 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእውነተኛው 48 ጊዜ በሚያንስ (1፡48) ሞዴል ላይ 1.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሱቅ ክር ብዙ ጊዜ ልኩም አገማመዱም ስለማይገጥም ጠንቃቃ ሠሪ ገመዱን ራሱ ይገምዳል። ሞተር የተገጠመለት መግመጃ ያፋጥንለታል፤ ቋጠሮዎቹን ግን አንድ በአንድ በወረንጦ ማሰር አይቀርለትም።

ማሽኑ ትክክለኛ ነው የሚለው እምነት እውነት አለው፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ለምኑ ትክክለኛ እንደሆነ ሳይጠየቅ ሲታለፍ ነው። ሌዘር ስስ እንጨት ሲቆርጥ የሚበላው ስፋት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ በ1፡48 ሲሰላ በእውነተኛው መርከብ ላይ 7.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሬዚን ፕሪንተር በ0.05 ሚሊ ሜትር ንብርብር ሲያትም ደግሞ አንዱ ንብርብር 2.4 ሚሊ ሜትር ይወክላል። ኦክ በመጥረቢያ ይጠርብ የነበረው የ17ኛው ክፍለ ዘመን አናጢ በዚህ ልክ አልሠራም፤ አያስፈልገውምም ነበር። ማሽኑ ከመርከቡ ይልቅ ጥንቁቅ ነው፤ ችግር የሚፈጥረውም ይኸው ጥንቃቄ ነው።

ቫሳን እንውሰድ። ይህች የስዊድን የጦር መርከብ ነሐሴ 10 ቀን 1628 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጀመሪያ ጉዞዋ ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ ሰጠመች፤ በ1961 ወጣች፤ ዛሬ በራሷ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ከውስጧ ከተገኙት ዕቃዎች መካከል አራት የአናጢ መለኪያዎች አሉ፦ ሁለቱ ባለ 12 ኢንቹ የስዊድን ጫማ፣ ሁለቱ ባለ 11 ኢንቹ የአምስተርዳም ጫማ። የመርከቧ አካል ሲለካም ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ አልተገኘም። ኮምፒውተር ላይ ንድፍ የሚያወጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ጎን ብቻ ይሥልና ሌላውን ገልብጦ ይቀዳዋል። ማሽኑም የታዘዘውን በታማኝነት ይቆርጣል። የሚወጣው ሞዴል ፍጹም የተመጣጠነ፣ ለዓይን የሚያምር፣ ሆኖም አንድም አናጢ ያልሠራት ቫሳ ይሆናል። የቀለሟም ታሪክ እንዲሁ ነው። ከወጣች በኋላ ለረጅም ጊዜ ቅርጻ ቅርጾቿ በሰማያዊ መደብ ላይ በወርቅ ያሸበረቁ ነበሩ ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሞዴሎችም እንዲሁ ተቀብተዋል። በ1990ዎቹ ከእንጨቱ የተወሰዱ የቀለም ቅሪቶች ሲመረመሩ ግን መደቡ ቀይ፣ ምስሎቹም ኅብረ ቀለም እንደነበሩ ታወቀ። በሙዚየሙ ያለው የ1፡10 ሞዴል የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ሰማያዊውን ሞዴል ወደ ቀይ የመለሰው የተሻለ መሣሪያ ወይም የሠለጠነ እጅ አይደለም፤ ምርመራው ነው።

እዚህ ላይ የእጅ ሥራ ወዳጆች የሚያነሡት ተቃውሞ ክብደት አለው። የጥንት ሠሪዎች መርከቦቹን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ፤ እጃቸውም ዕውቀታቸውን ተሸክሟል ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ያየ ሁሉ ያየውን እንዳለ አልቀረጸም። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የተሠሩት፣ ዛሬ ከግሪኒች ሙዚየም ታላላቅ ሀብቶች መካከል የሆኑት ሞዴሎች ብዙዎቹ 1፡48 ናቸው። የታችኛው አካላቸው አጥንቱ እንዲታይ ሳንቃ አልለበሰም። የሚታየው የአጥንት አደራደር ግን ለሞዴል ተብሎ የተለመደ ሥርዓት እንጂ እውነተኞቹ መርከቦች የተገጣጠሙበት አይደለም። ከ1793 እስከ 1815 በተካሄዱት ጦርነቶች የተማረኩ ፈረንሳውያን በኖርማን ክሮስና በሌሎች የእንግሊዝ እስር ቤቶች ከምግባቸው በተረፈ አጥንት የሠሯቸው መርከቦችም እንዲሁ ናቸው። ሥራው እጅግ የረቀቀ ነው፤ ምጣኔው ግን ከትክክለኛው የሚርቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ማለት ሰዎቹን ማሳነስ አይደለም። ንድፍ አልነበራቸውም፤ ለገበያም ይሠሩ ነበር። የእጃቸው ብቃት የማስረጃውን ጉድለት ሊሞላ አለመቻሉን ግን ያሳያል።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ሐቀኝነት ነው፤ መቶ መድፍ ከፋይል ያተመ ሰው ሠሪ ሊባል ይገባዋልን? አንድ ዓይነት የሆኑ መቶ ቁራጮችን በእጅ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መድፎቹ እርስ በርሳቸው እንዲመሳሰሉ ከተፈለገ ግን ማተሙ ይሻላል። መወቀስ ያለበት የሌላ ሰው ቅርጽ አትሞ የራሱ ያስመሰለ፣ እንዲሁም ፋይሉ የየትኛው ዘመን መድፍ እንደሆነ ሳያጣራ የጫነ ሰው ነው። ሁለተኛው ጥፋት ይበልጥ ይከፋል፤ የተሳሳተ ፋይል በአንድ ቤት ብቻ አይቀርምና።

ማሽኑ በሚገባው ቦታ ሲቆም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ከኒውፖርት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2002 በዚህች የዌልስ ከተማ፣ በአስክ ወንዝ ዳር የኪነ ጥበብ ማዕከል ሲገነባ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ተገኘ። ከታችኛው ግንዱ መጋጠሚያ ውስጥ በ1447 የተመታ የፈረንሳይ ሳንቲም ነበረ። ባለሙያዎቹ ከሺህ የሚበልጡ እንጨቶችን እያጠቡ፣ እያንዳንዱን በዲጂታል መለኪያ ክንድ እየዳሰሱ፣ ጠርዙንና የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ መዘገቡ። ከዚያም ክፍሎቹን የናይሎን ዱቄት በሌዘር በሚያጋግር ማሽን በ1፡10 አትመው በጥቃቅን ብሎኖች አያያዟቸው፤ ብሎኖቹ የገቡት የጥንቶቹ ምስማሮች በነበሩበት ቀዳዳ ነው። የዘመናት ጭነት ያጣመመውን እንጨት ኮምፒውተር ላይ መልሶ መግጠም አስቸጋሪ ነበር፤ የሚታጠፈው ናይሎን ግን ቀዳዳ ከቀዳዳ ሲገጥም የመርከቡን ጉብታ እየያዘ ሄደ። እንዲህ ያለ ሥራ በመሮ በስንት ዓመት እንደሚያልቅ መገመት ይከብዳል። የማሽኑ ውለታ ታላቅ ነው፤ ታላቅ የሆነውም እያንዳንዱ ቀዳዳ አስቀድሞ በሰው ዓይን ተለይቶ ስለተመዘገበ ነው። የመርከቡ ላይኛ ክፍል ደግሞ አልተረፈም። ከዚያ ወዲያ ፕሪንተሩ የሚያትመው አልነበረውም፤ ተመራማሪዎቹ ወደ ዘመኑ ሥዕሎችና ሰነዶች ፊታቸውን አዞሩ።